የማዞሪያዋ ጠበቃ

ሰው መከራከሪያ አያጣም። አንዱ በኳስ ይከራከራል፣ አንዱ በፖለቲካ፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤቱ ገፋኝ በሚላት አንዲት ስንዝር ድንበር ዕድሜውን ሙሉ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይንከራተታል። እኔ የተከራከርኩት በመኪና ማዞሪያ ነው። የፒክአፕ መኪና አራቱም ጎማ እንዲሠራ የሚያደርገው ነገር፣ ሾፌሮች ዶፒዮ የሚሉት፣ በእጅ በሚሳብ ዘንግ ይግባ ወይስ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማዞሪያ ይግባ በሚል ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራከርኩ። በመጨረሻም አሸነፍኩ። ያሸነፍኩበት ቀን ግን እህቴ የተቀበረችበት ቀን ነው። ስለዚህ ይህን ስታነቡ ሳቅ ቢያመልጣችሁ አልቀየማችሁም፤ እኔን ግን አብረህ ሳቅ አትበሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ለአምስት በተደራጀንበት፣ ከሥራው ይልቅ ግምገማው በበዛበት ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። የዕቅድ ባለሙያ ማለት ሌላው ሰው ጭቃ ረግጦ የሠራውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ መቶኛ የሚለውጥ ሰው ነው። መሥሪያ ቤታችን ሁለት ፒክአፖች ነበሩት። አንደኛዋ አሮጊት ናት። ዶፒዮ ለማስገባት መጀመሪያ ሾፌሩ ይወርድና የሁለቱን የፊት ጎማዎች እምብርት አንድ በአንድ በእጁ ያዞራል። ከዚያ ጋቢና ተመልሶ ከካምቢዮው አጠገብ ያለችውን አጭር ዘንግ ጥርሱን ነክሶ ይስባታል። ከታች አንድ ነገር "ቋ!" ሲል ገባ ማለት ነው። ሁለተኛዋ አዲስ ናት፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። እሷ ዘንግ የላትም። ሬዲዮኑ አጠገብ አንዲት ክብ ማዞሪያ አለቻት፤ በሁለት ጣት ጠምዘዝ ታደርጓታላችሁ፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይልና ቀጥ ብሎ ይበራል፣ አለቀ። መውረድ የለ፣ መጎተት የለ፣ እጅ መቆሸሽ የለ።

ይህችን ማዞሪያ ከልቤ ወደድኳት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ ከሽንዲ ማዶ ባለ የገጠር ቀበሌ ተወልጄ፣ በየክረምቱ ዋልካው ጫማዬን ከእግሬ ላይ እየቀማኝ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጭቃን በሁለት ጣት የሚያሸንፍ ነገር ተሠራ ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ ለማስተርስ እንደሚዘጋጅ ሰው አጠናሁት። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ ማዞሪያዋ አስተምራለሁ። ክበብ ውስጥ አስተምራለሁ፣ ስብሰባ ላይ አስተምራለሁ፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አስተምሬያለሁ። ባልደረቦቼም "የማዞሪያዋ ጠበቃ" የሚል ስም አወጡልኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ እኔም ስሙን እንደ ሹመት ቆጥሬ ባሰብኝ። መንጃ ፈቃድ ግን አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ተከራካሪዬ ጋሽ ደሴ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ሾፌር ናቸው፤ ሁለቱንም መኪኖች እንዳስፈላጊነቱ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ነገር የማያበዙ፣ ዝም ሲሉ ግን ከተናገሩት ይልቅ የሚያናድዱ ሰው ነበሩ።

"ወንድምዓለም፣" ይሉኝ ነበር፣ "በእጄ ያልሰማሁትን ነገር ገባ አልልም። አሮጊቷ ቋ ስትል እጄም ጆሮዬም ይመሰክራል። ይቺ መብራት ነው የምታሳይ። መብራትማ ዳንስ ቤቱም ያሳያል።"

"ጋሽ ደሴ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው የሚያዝዛት!"

"እሱ ነው የሚያሰጋኝ። ደግሞ ስማ፣ ዶፒዮ ጭቃ ሳይገባ ነው የሚገባ። ከገቡ በኋላማ ጸሎት ነው።"

"እሱ በድሮው ነው። በኤሌክትሮኒክ እንደ አስፈላጊነቱ ነው የሚገባው።"

"እንደ አስፈላጊነቱ" የሚለው ቃል በዚያ ዘመን መልስ የማይገኝለት ቃል ነበር። በዚህ ብቻ አላቆምኩም። አንድ ግምገማ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ጋሽ ደሴ ለአዲስ ቴክኖሎጂ ያላቸው አመለካከት መስተካከል አለበት ብዬ ሒስ አቀረብኩባቸው። እሳቸውም ብድግ ብለው "ሒሱን ተቀብያለሁ" አሉና ተቀመጡ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ቀን ግን ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ በደስታ ምሳዬን አብዝቼ በላሁ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም ነበር። እታለም ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ "ወይ እኔን ወይ ልጁን" ቢላት፣ ስንቁን ቋጥራ፣ ዱላውን አቀብላ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘችው ይባላል። ከዚያ በኋላ አላገባችም። መሬቷን በእኩል እያሳረሰች እኔን አሳደገች። ቡሬ ቤት ተከራይቼ ስማር በየሁለት ሳምንቱ በሶና ድርቆሽ በጀርባዋ አዝላ ትመጣ ነበር። ተምሬ ሥራ ስይዝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "አንድ ቀን፣" አለችኝ፣ "በመኪና መጥተህ ደጄ ላይ ብትቆምልኝ። ሰው ይይልኝ።" እኔም እሺ አልኳት። እሺ ካልኳት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ የሥራ ሂደት መሪያችን ቢሮው አስጠራኝ። ስልክ የተደወለው ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው።

"እህትህን ትንሽ አሟታል አሉ፤ ሄድ ብለህ ያት" አለኝ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ የማታውቁ ብትኖሩ ልንገራችሁ፤ የምታውቁትም ታገሡኝ። በእኛ አገር ሰው በስልክ አይሞትም። በቢሮም አይሞትም። ሩቅ ያለ ዘመድ "ትንሽ አሟታል" ተብሎ ይጠራል፣ ሰው ከኋላና ከፊት አጅቦ ይወስደዋል፣ ደጇ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይዘው ያረዱታል። ድንጋጤው ብቻውን እንዳያገኘው ነው። ደግነት ነው፤ ዛሬም ደግነት ነው እላለሁ። እታለም ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ሞታለች። ይህን ሂደት መሪው ያውቃል፣ ጋሽ ደሴ ያውቃሉ፣ የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል። እኔ እስክደርስ ቀብሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲቆይ ተነጋግረዋል። ይህን ሁሉ ሲነጋገሩ ገና ሁለት ሰዓት ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ምንም የማያውቀው የዕቅድ ባለሙያው ብቻ ነው።

ማወቅ ነበረብኝ። ሂደት መሪያችን ለሻይ እንኳ ዕቅድ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ የተምች መድኃኒት ጭነን ስንወጣ እንኳ የመኪና ፈቃድ ፈርሞ የሰጠን ሦስት ቀን አመላልሶን ነው። ያን ጠዋት ግን ሳልጠይቀው ፈርሞ፣ ትከሻዬን ይዞ፣ "አይዞህ" አለኝ። እኔ የሩብ ዓመቱ ሪፖርቴ አስደስቶት መሰለኝ። ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ይታይሽ፣ ከግምጃ ቤቱ በር ወጥተው የማያውቁት ሴትዮ፣ "እኔም ሽንዲ ለንብረት ቆጠራ እሄዳለሁ" ብለው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር ነጠላ ይዘዋል። ጥቁር ነጠላ ለንብረት ቆጠራ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁም። እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ሰው የዕቅድ ባለሙያ አይሆንም።

ታዲያ ወይዘሮ ይታይሽ የተቀመጡት አሮጊቷ ላይ ነበር። ጋሽ ደሴ አስነሥተው እያሞቋት ነው።

"ምነዋ በዚህች?" አልኩ።

"ክረምት ነው። መንገዱን ታውቀዋለህ። በማውቃት እንሂድ" አሉ።

አስቡት እንግዲህ። እህቴ ታማ ተኝታለች፤ ስድስት ዓመት የጠበቀችውን ነገር ዛሬ ላደርግላት ነው፤ አዲሷ መኪና እያለች በዚህች ኮፈኗ በሽቦ በታሰረ አሮጊት መኪና እታለም ደጅ ላይ ልቁም? ክርክሩን ጀመርኩ። ስለ ኮምፒውተሩ ተናገርኩ፣ ስለ መመሪያው ተናገርኩ፣ ገጹን ሳይቀር ጠቀስኩ። ጋሽ ደሴ እንደ ወትሮው አልመለሱልኝም። "ወንድምዓለም፣ ዛሬን ብቻ እሺ በለኝ። ነገ እንዳሻህ" ብለው ለመኑኝ። ልመናቸውን እንደ ሽንፈት ቆጠርኩት። በመጨረሻ ወደ ሂደት መሪው ዞሩ። እሱም መሬት መሬት እያየ "ደስ እንዳለው አድርጉለት" አለ። ሐዘንተኛ አይከለከልማ። እንዲህ ሆኖ ነው ያሸነፍኩት።

ቡሬ ስንደርስ "አቁሙልኝ" አልኩ። ታማሚ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። ሙዝ ገዛሁ፣ ብርቱካን መረጥኩ፤ ብርቱካኑን አንድ በአንድ እየተጫንኩ ነው የመረጥኩት። ከዚያ ብርድ ልብስ ትዝ አለኝ። ሐምሌ ነው፣ እታለም ብርድ አትወድም። ከባለ ሱቁ ጋር ጥቁር ቡኒ ይሻላል ወይስ አበባ ያለበት በሚል ግማሽ ሰዓት ተማከርን። ጋሽ ደሴ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፉ። እሳቸው ጥሩምባ የሚነፉት በሬ መንገድ ሲዘጋባቸው ብቻ ነው። አበባ ያለበትን ብርድ ልብስ ታቅፌ ስመለስ ወይዘሮ ይታይሽ አዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

"አያምርም እንዴ?" አልኳቸው።

"ያምራል። በጣም ያምራል" አሉኝ።

ሽንዲን አልፈን ከዋናው መንገድ ተገነጠልን። ከዚህ በኋላ መንገድ የሚባለው ነገር የጋሪና የከብት ነው። ከእታለም ቀበሌ በታች አንድ ወንዝ ብጤ ትወርዳለች፤ ከወንዟ ወዲህ ያለው ሜዳ በክረምት ማጥ ይሆናል። ጋሽ ደሴ ማጡ አፍ ላይ አቆሙ። ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

"አሁን ላስገባት" አሉና እጃቸውን ወደ ማዞሪያዋ ሰደዱ።

እጃቸውን ያዝኳቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ የሾፌር እጅ ያዝኩ። "አያስፈልግም። ነዳጅ ትጨርሳለች። ሲያስፈልግ እኔ አስገባታለሁ" አልኩ። ጋሽ ደሴ ለአፍታ አዩኝ። ግን ሰዓታቸውን አይተው ነዱ።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ መኪናዋ ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች። የኋላ ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ጭቃው ይረጫል፣ እኛ ግን እዚያው ነን። "አሁን ነው!" አልኩና ጎማው እየዞረ ማዞሪያዋን ጠመዘዝኩ። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ጠበቅሁ። ትዕግሥቴ ሲያልቅብኝ እስከ አምስት ቆጠርኩ። ብልጭ ድርግሙ አላቆመም። እምቢ ማለቷ መስሎኝ መለስኳት። እንደገና ጠመዘዝኩ። መለስኩ። ማዞሪያዋ ላይ ያለችውን ሦስተኛዋን ምልክት፣ ለከባድ ጭቃ የተባለችውን፣ ሞከርኩ። ከአረንጓዴው ሌላ አንድ ቢጫ መብራት መጣ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለው ተረት ለበሬ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

መመሪያውን አወጣሁና ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ።

"'በመጀመሪያ መኪናው ሙሉ በሙሉ መቆሙን ያረጋግጡ' ይላል።"

"እሱማ ከቆመ ቆየ" አሉ ጋሽ ደሴ።

ወረድን። ድንጋይ ለቅመን ከጎማው ሥር አስገባን፤ ዋልካው ዋጠው። የጎርፍ ግንድ አመጣን፤ እሱንም ዋጠው። ጋሽ ደሴ ፍሪሲዮን እየረገጡ ሲሞክሩ፣ የተቃጠለ ነገር ሲሸት፣ እኔ በየመሃሉ ዘልዬ እየገባሁ ማዞሪያዋን እጠመዝዛለሁ። ወይዘሮ ይታይሽ ከኋላ ወንበር አልወረዱም። በየጊዜው መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ።

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ሰባት ተኩል።"

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ስምንት ሊል ነው። ለቆጠራው ቸኮሉ እንዴ?" አልኳቸው። መስኮቱን መልሰው ዘጉ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ደሴ እጃቸውን በጭቃ ውኃ ታጠቡና "በእግር እንሂድ" አሉ።

"መኪናዋስ?"

"እዚሁ ትቆይ።"

"የመንግሥት ንብረት ማጥ ውስጥ ጥለን? ንብረት ክፍሏ እዚሁ ተቀምጠው?" ብዬ ወደ ወይዘሮ ይታይሽ ዞርኩ። እኝህ ሴት አንድ ጊዜ ለጠፋች ማስመሪያ ለሁለት ሳምንት ያስለቀሱኝ ሴት ናቸው። "ይንገሩዋቸው እንጂ!" አልኩ።

"ይጣል፣" አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። "ይጣል ልጄ፣ በእግር እንሂድ።"

ይህንንም ሰምቼ አልነቃሁም። የነቃሁት ለሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም በማዞሪያዋ ላይ ያደሙ መሰለኝ። ጋሽ ደሴ አገር ለአገር "ማዞሪያዋ ጭቃ ውስጥ ጥላን በእግራችን ገባን" ብለው ሲያወሩ ታየኝ። ደግሞ እታለም አለች። ስድስት ዓመት ጠብቃ፣ እንደ ድሮው ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ተነክሬ ልድረስባት? "በመኪና ነው የምገባው። እሷ ያለችኝ በመኪና ነው" አልኩ። ድምፄም ጮክ ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደሴ መኪናዋን ለማውጣት ያልሞከሩት ነገር የለም። በመጨረሻ ከጎማው ሥር የሚነጠፍ ጨርቅ ፈልገው ጋቢናውን ሲያስሱ አበባ ያለበትን ብርድ ልብስ አገኙ።

"ስጠኝ፣ ይኸ ያወጣን ይሆናል" አሉ።

"ኧረ የእታለም ነው!" ብዬ ቀማኋቸው። "ዛሬ ማታ የምትለብሰው ነው። እሷ ምን ትልበስ?"

ጋሽ ደሴ አፋቸውን ከፈቱ። "ወንድምዓለም፣ እታለም እኮ…" ሲሉ ወይዘሮ ይታይሽ ከውስጥ "ጋሽ ደሴ!" ብለው ጮኹ። "በመድኃኔዓለም! ሜዳ ላይ አይሆንም! ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዘመድ፣ እዚህ ቢወድቅብን ምን እንሆናለን?" ጋሽ ደሴም አፋቸውን መልሰው ዘጉ፤ ሄደው ከመኪናዋ ኋላ ለብቻቸው ቆሙ። እኔ የሰማሁት "ሜዳ ላይ አይሆንም" የሚለውን ነው፤ የተረዳሁትም ብርድ ልብስ ሜዳ ላይ አይነጠፍም ማለታቸው ነው። ወይዘሮ ይታይሽን "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ያለቅሱ ነበር። ሴትዮዋ ለንብረት እንዲህ ይራራሉ እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አሉኝ ቆይተው።

"ዘጠኝ ተኩል።"

ከዚያ በኋላ ሰዓት አልጠየቁኝም።

እኔ ግን አልተሸነፍኩም። መመሪያው ላይ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በየት በኩል ወደ ፊት ጎማ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። እሱን ይዤ፣ ኮቴን አውልቄ፣ በጀርባዬ እየተሳብኩ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ሽቦ ስነካካ፣ የጭቃ ውኃ ዓይኔ ውስጥ ሲንጠባጠብ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሳይሆን አይቀርም። ሰማዩ ከብዶ ነበር።

በዚህ መካከል ነው የእግር ኮቴ የሰማሁት። አንገቴን አዘንብዬ ሳይ ከወንዟ ማዶ የመጡ ብዙ እግሮች ናቸው። ፊታቸው አይታየኝም፤ የማየው ከጉልበት በታች ያለውን፣ ባዶ እግርና የላስቲክ ጫማ፣ ከእግሮቹም መካከል የተንጠለጠሉ ዶማና አካፋዎች ነው። ደስታዬን አልነግራችሁም። ሐምሌ ወር የችግኝ ተከላ ወር ነው። የዚህን ቀበሌ የጉድጓድ ዕቅድ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ያህል ዓመት ስጽፍ ዕቅዴን በአካፋ ሲፈጽም ያየሁት ሰው አልነበረም።

"በርቱ ወገኖቼ!" አልኩ ከመኪናዋ ሥር። "ከችግኝ ተከላ ነው የምትመጡ?"

እግሮቹ ቆሙ።

"ስንት ጉድጓድ ቆፈራችሁ ዛሬ?"

ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ መለሰልኝ።

"አንድ።"

"አንድ?" ሣቄ መጣ። "ይኸን ሁሉ ሰው ይዛችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ውላችሁ አንድ ጉድጓድ?"

"ለአንድ ሰው አንድ ነው ጌታው። ስንት ሊሆን ኖሯል?" አለ ድምፁ።

ድምፁን አወቅሁት። የእታለምን መሬት በእኩል የሚያርሱት አያ ሙሉነህ ናቸው። እየተሳብኩ ወጣሁ። ከእግር እስከ ራሴ ጭቃ ስለሆንኩ መጀመሪያ አላወቁኝም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ወይዘሮ ይታይሽ ዞረው አዩ፤ ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላውን ከፌስታሉ አውጥተው ለብሰውታል። አያ ሙሉነህ አካፋውን ለጎናቸው ሰው አቀበሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አንተ ነህ?" አሉ። "እግዜር ያጥናህ ልጄ። እግዜር ያጥናህ።"

ይህ ቃል ለታማሚ ወንድም አይባልም። ቃሉን ሰምቼ፣ አካፋዎቹን አይቼ፣ አካፋዎቹ ላይ ያለውን ቀይ አፈር አየሁ። ሜዳው ሁሉ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ቀይ አፈር ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ወይዘሮ ይታይሽ "እህቴን! እህቴን!" እያሉ በማያውቋት ሴት ሲጮኹ፣ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ብብቴን ይዘውኝ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅንህ፣" አሉ አያ ሙሉነህ፣ ጥፋተኛ እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከዘጠኝም አሳለፍን። ዝናቡ ሊወርድ ሆነ፣ ጉድጓዱ ውኃ ሊሞላብን ሆነ። በእግሩ ነው ቢሉን በቅሎ እንልክልህ ነበር። በመኪና ነው የሚመጣ አሉን። በመኪናማ ከሆነ ይደርሳል አልን።"

ሰዎቹ አካፋቸውን ይዘው ከጎማዎቹ ሥር ጭቃውን ጠረጉ፣ ከኋላ ትከሻቸውን ሰጡ። ጋሽ ደሴ ገብተው ሞተር አስነሡ። እኔ ከሥር በነበርኩበት ሰዓት ማዞሪያዋን የነካት ሰው አልነበረም። ለካ የፈለገችው ዝም እንድትባል ብቻ ነበር፤ ብልጭ ድርግሙ ቆሟል፣ አረንጓዴው መብራት ቀጥ ብሎ በርቷል። አራቱም ጎማ አንድ ላይ ዞሩ። መኪናዋ ከማጡ ውስጥ ቀስ ብላ፣ ያለ ጩኸት፣ መመሪያው እንደሚለው ወጣች።

ጋሽ ደሴ አጠገቤ አምጥተው አቆሟትና በሩን ከፈቱልኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ገብታለች፣" አሉኝ። "ግባ፣ ደጇ ድረስ ላድርስህ።"

አልገባሁም። ጫማዬን አወለቅሁ። ቀብረው፣ ደክሟቸው፣ ወደየቤታቸው ሲሄዱ የነበሩት ሰዎች አካፋቸውን እንደያዙ ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ተመለሱ። ወንዟን ተሻገርን፣ ዳገቷን ወጣን፣ መቃብሯ ላይ ደረስን። በእግር ሃያ ደቂቃ አልሞላም።